ሥጋ የሌለበት ምግብ ለሰውና ለቤት እንስሳት ጤና ያለው ጥቅምና ጉዳት

ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና ዕንቍላልን ትቶ በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ብቻ መኖር ለጤና ይበጃልን ወይስ ይጐዳል? የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲነሣ እንሰማለን። በውጭ አገር ይህን ጥያቄ የሚያነሡት በገዛ ፈቃዳቸው ሥጋ መብላትን የተዉ ሰዎች ናቸው፤ በእኛ አገር ግን ነገሩ በጾም ሥርዓት ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የኖረ ስለ ሆነ እንግዳ አይደለም። ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚሆነውን ዐቢይ ጾም፣ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም፣ እንዲሁም ፍልሰታን አጥብቆ የሚጾም ምእመን ከዓመቱ ቀናት ግማሽ የሚያህሉትን የእንስሳት ተዋፅኦ ሳይቀምስ ያሳልፋል። ከዚህም ጋራ እምብዛም የማይነሣ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጌታው ሲጾም ሳይወድ አብሮ የሚጾመው ድመትና ውሻ ምን ይሆናል? የሚለው ነው። በዚህ ወር ሁለቱንም አንድ ላይ እንመለከታቸዋለን። ስለ ጾም ሥርዓት መናገር የካህናት ፈንታ ነው፤ የእኛ ፈንታ ስለ ሰውነት መናገር ብቻ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የቈየ አስተሳሰብ ማረም ይገባናል። ብዙ ሰዎች ጕልበት የሚገኘው ከሥጋ ብቻ ነው ብለው ያምናሉ፤ ልጃቸው የከሳ እንደ ሆነም «ሥጋ ቢያገኝ ኖሮ» ይላሉ። ሥጋ ገንቢ ምግብ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን በሥጋ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው። ከእነዚህም መካከል ዘጠኙን የሰው አካል ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። የስንዴ፣ የበቈሎና የማሽላ ፕሮቲን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ግን ላይሲን ሞልቷቸው ሜታዮኒን የተባለው ይጐድላቸዋል። እንግዲህ እንጀራ በሽሮ፣ ቂጣ በምስር፣ ንፍሮም ስንዴና ባቄላ ተቀላቅሎ ሲበላ የአንዱን ጕድለት ሌላው ይሞላዋል። እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ እህልን ከጥራጥሬ ጋራ አዋድደው ማቅረባቸው የሚደነቅ ነው። ስለዚህ ጤነኛ የሆነ ዐዋቂ ሰው እህልና ጥራጥሬ በበቂ መጠን የሚበላ እንደ ሆነ በፕሮቲን በኩል የሚያሰጋው ነገር የለም። «በበቂ መጠን» ማለታችን ግን ልብ ይባል፤ በአንድ ጭልፋ ቀጭን ሽሮ ሦስት እንጀራ የሚበላ ቤተ ሰብ ሆዱ ይሞላል እንጂ ሰውነቱ አይገነባም።

ሥጋ አለመብላት ጥቅም እንዳለው በትልልቅ ጥናቶች ታይቷል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ በሎማ ሊንዳ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ምእመናንን ጤና ሲከታተሉ ቈይተዋል፤ ከእነዚህም ምእመናን ብዙዎቹ ሥጋ አይበሉም። በ2013 በወጣው ውጤት፣ ከ73,000 በላይ ከሆኑት ተጠኚዎች መካከል ሥጋ የማይበሉት በጥናቱ ዘመን የሞቱበት መጠን ከሚበሉት በ12 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱም ወገኖች በአብዛኛው ትንባሆና አልኮል የማይቀምሱ ስለ ሆኑ ንጽጽሩ በእነዚህ ነገሮች ብዙ አይደፈርስም። በእንግሊዝ አገርም የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከ48,000 በላይ ሰዎችን ለ18 ዓመታት ያህል ተከታትለው በ2019 እንደ ገለጡት፣ ሥጋ በማይበሉት ዘንድ የልብ ደም ሥር በሽታ በ22 በመቶ ዝቅ ብሎ ታይቷል፤ በአንጎል ላይ የሚደርሰው የደም መፍሰስና የደም ሥር መዘጋት ግን በ20 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህም ሥጋን መተው ከበሽታ ሁሉ የሚያድን መድኃኒት አለመሆኑን ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም በ2015 በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ፣ ማለት ቋሊማ፣ ሞርታዴላና የመሳሰለው፣ የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ፣ ቀይ ሥጋም ምናልባት ሊያመጣ እንደሚችል ገልጧል።

ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ የቀረበው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ከከብት ሥጋ ውስጥ ከሚገኘው የትል ፍሬ ኮሶ ይይዘዋል፤ ትሉም በአንጀት ውስጥ አድጎ ብዙ ክንድ ይረዝማል። አባቶቻችን የኮሶ አበባ በየሁለት ወሩ ይጠጡ የነበሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጾም ወራት አዲስ የኮሶ ትል ከማዕድ አይገባም፤ የገባውን ግን ጾሙ አያስወጣውም፤ ስለዚህ በሐኪም ታዝዞ መድኃኒቱን መውሰድ ያስፈልጋል። ሥጋውን ቀይነቱ እስኪጠፋ ድረስ አብስሎ የሚበላ ሰው ደግሞ ጾመኛም ባይሆን ከኮሶ ያመልጣል።

የጾም ምግብ ስለ ሆነ ብቻ ለጤና ይስማማል ማለትም ስሕተት ነው። በዘይት የራሰ ወጥ፣ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ፣ ነጭ ዳቦ በብዙ ስኳር ሻይ፤ እነዚህ ሁሉ ሥጋ የለባቸውም፤ ይሁን እንጂ ያወፍራሉ፣ የስኳርንና የልብን በሽታ ያባብሳሉ። በገበያ የሚሸጠው የፓልም ዘይት ካለው ስብ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋ ዓይነት ስለ ሆነ፣ የደም ቅባት የበዛበት ሰው ቅቤን ትቶ በእርሱ ቢያበስል ያተረፈው ጥቂት ነው። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት ከዚህ ይሻላሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ በልክ ሲሆኑ ነው። ተልባ ደግሞ ለልብ የሚስማማ ቅባት ስላለው ተልባ ፍትፍት የሚመሰገን ምግብ ነው። የጾሙ ፍቺ ቀን ነገርም ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም፤ 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ያልለመደን ጨጓራ በአንድ ሌሊት በዶሮ ወጥና በጥሬ ሥጋ መሙላት፣ ይልቁንም የሐሞት ከረጢት ጠጠርና የስኳር በሽታ ላለበት ሰው፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ድፍረት ነው።

ስለ ብረትና ስለ ቡና

ሥጋ በማይበላ ሰው ዘንድ በቅድሚያ የሚያሳስበን የደም ማነስ ነው። ደማችን ቀይ የሆነው በውስጡ ባለው ብረት ምክንያት ነው። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፤ በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለው ግን ይዘገያል፣ አብዛኛውም ሳይገባ ይወጣል። «ጤፍ ብረት ስላለው ደም ይሆናል» የሚባለው ነገር እውነትነት አለው፤ ነገር ግን በጤፍ ላይ በምርመራ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ በዐውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ የአፈር ብረትም ለሰውነት እምብዛም አይጠቅምም። ከዚህም በቀር በእህልና በጥራጥሬ ቅርፊት ውስጥ ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ይህም ብረትንና ዚንክን አስሮ ይይዛል። ማሰሪያውን የምንፈታበት መንገድ ግን በቤታችን አለ። ሊጡ በርሾ ሲቦካ፣ ባቄላው ተነክሮ በቆልት ሲሆን ፋይቴቱ ይቀንሳል። በሎሚ፣ በቃሪያ፣ በቲማቲም፣ በብርቱካንና በዘይቱን የሚገኘው ቪታሚን ሲም ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል፤ ስለዚህ ሎሚ የተጨመቀበትና ቃሪያ የተከተፈበት አዚፋ ከደረቅ የምስር ወጥ ይልቅ ለደም ይጠቅማል። ቪታሚን ሲ በእሳት ስለሚጠፋ ቃሪያውና ቲማቲሙ ጥሬ መሆን አለባቸው፤ ጥሬ የሚበላውን ሁሉ በንጹሕ ውኃ አጥቦ ማቅረብ እንደሚገባ ደግሞ አንባቢዎቻችን የሚያውቁት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተወደደ ልማድ መንካታችን አይቀርም። ቡናና ሻይ በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ብረትን ስለሚያስር፣ ከምሳ ጋራ ወይም ወዲያው ከምሳ በኋላ የተጠጣ ቡና ከምግቡ ሊገኝ የነበረውን ብረት በብዙ ይቀንሰዋል። ቡናን እናስቀር አላልንም፤ እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰማን እንደሌለም እናውቃለን። ከምግብ በፊት ወይም ከምግብ በኋላ አንድና ሁለት ሰዓት ያህል አቈይቶ መጠጣት ግን የማይቻል አይደለም። ይህ ምክር ይልቁንም ለነፍሰ ጡሮችና ወር አበባ ለሚበዛባቸው ሴቶች ነው።

ስለ ቪታሚን ቢ 12

ከብረት ይልቅ ሥር የሰደደው ጉዳይ ቪታሚን ቢ 12 ነው። በቀድሞ ዘመን አንድ ገዳይ የደም ማነስ ዓይነት ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ማይኖትና መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሕሙማኑን ጕበት እየመገቡ እንደሚያድኑ አስታወቁ፤ ከዊፕል ጋራ ሆነውም በ1934 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በጕበቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት በ1948 ተለይቶ ወጣ፤ ቀይ ቀለም ያለው ደቃቅ ክሪስታል ሆኖ ተገኘ። እርሱም ቢ 12 ነው። ይህ ቪታሚን በባክቴሪያዎች የሚሠራ ሲሆን የሚከማቸው በእንስሳት አካል፣ በወተትና በዕንቍላል ውስጥ ነው። ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከጐመን ወይም ከቡላ አይገኝም። በቦካ ሊጥ ወይም በስልጆ ይገኛል የሚሉ ቢኖሩም የሚታመኑበት ምንጮች አይደሉም።

አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ አንድ ማይክሮግራምም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ጕበታችን ለብዙ ዓመታት የሚበቃ ስንቅ ያከማቻል። ከዚህ የምንረዳው፣ በጾም ወራት የተወ ሰው በፍስክ ቀን ወተት፣ ዕንቍላልና ሥጋ የሚያገኝ ከሆነ ጐተራው ተመልሶ ስለሚሞላ ጾሙ ራሱ የማያሰጋው መሆኑን ነው። የሚያሰጋው በፍስክም ቀን ከሽሮ በቀር ሌላ የማያገኘው ድኻ ነው፤ እንደዚሁም ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋፅኦ የማይቀምስ ሰው፣ ጨጓራው የደከመ ሽማግሌ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን ለብዙ ዓመት የወሰደ ሕመምተኛም ከዚህ ይቈጠራሉ። ምልክቱ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ድካም፣ የፊት መገርጣት፣ የምላስ መላላጥ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝና መጠዝጠዝ፣ በጨለማ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መርሳት። መደንዘዙን «ብርድ ነው» ብሎ ዓመት ሙሉ ማለፍ የነርቭን ጅማት በማይመለስ አኳኋን ሊጐዳው ይችላል። ደም ማነሱን ብቻ አይቶ ፎሊክ አሲድ መዋጥም ያታልላል፤ ደሙ ይሻሻላል፣ የነርቩ ጉዳት ግን በስውር ይቀጥላል። ሕክምናው ቀላል ነው፤ ኪኒን ወይም መርፌ ነው። ቪታሚኑ ዛሬ የሚሠራው ከጕበት ሳይሆን ባክቴሪያ በማርባት መሆኑን ለጾመኛ ሕመምተኛ መንገር ይጠቅማል፤ መድኃኒቱን ሥጋ ነው ብሎ የሚሸሽ አለና።

ስለ ጓያ

በችግር ዘመን ሥጋ ብቻ ሳይሆን አተሩና ባቄላውም ሲጠፋ በሽሮ ውስጥ የሚገባው ጓያ ነው። ጓያ ድርቅንም የረጋ ውኃንም ስለሚቋቋም ሌላው አዝመራ ሲከስም እርሱ ይቀራል፤ ክፋቱም በዚህ ምክንያት የበረታ ነው፤ ሰው አብዝቶ የሚበላው ሌላ ምርጫ ሲያጣ ነውና። በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል የነርቭ መርዝ አለ። ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ሁለት ሦስት ወር የበላ ሰው በመጀመሪያ ባቱ ይጨብጠዋል፣ ጕልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ይከብደዋል፤ በኋላም እግሮቹ እንደ መቀስ ተጠላልፈው በጣቱ ጫፍ በምርኵዝ ይሄዳል ወይም ከነጭራሹ መቆም ይሳነዋል። የሽባነቱ መድኃኒት አልተገኘም። በሽታው በጐንደር በደምቢያ በ1970ዎቹ፣ በወሎ በደላንታ ዳውንት ደግሞ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ብዙ ሰዎችን፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶችን፣ አሽመድምዷል።

ጓያ የግድ የሚበላ እንደ ሆነ ሌሊቱን አሳድሮ በብዙ ውኃ ነክሮ ውኃውን መድፋት፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ቀቅሎ ይህንንም ውኃ መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ስለዚህ ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋራ መቀላቀልና የምግቡ ጥቂት ክፍል ብቻ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። የተዘጋጀ ሽሮ ከገበያ የሚገዛ የከተማ ሰውም በውስጡ ምን እንደ ተፈጨ ሻጩን መጠየቅ መብቱ ነው፤ የሚሻለው ግን አተሩን ወይም ሽምብራውን ለይቶ ገዝቶ ማስፈጨት ነው።

ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ ሕፃናት

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ጤነኛ ዐዋቂ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ለሁለት ስለምትበላ ነገሩ ይለወጣል። ቢ 12 የጐደላት እናት ራሷ ደኅና መስላ ጡቷን የሚጠባው ልጅ ሊታመም ይችላል፤ መሳቅና መቀመጥ ጀምሮ የነበረው ሕፃን ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይገረጣል፣ ይፈዛል። በጊዜው ካልታከመ አእምሮው ላይ ጠባሳ ይተዋል። በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ሳያቋርጡ መዋጥ፣ በጾም ወራትም ስለ ሁኔታው የንስሐ አባትንና ሐኪምን ማማከር ተገቢ ነው፤ ካህናት ለደካማ ሰው ዕረፍት ለመስጠት ያላቸውን ሥልጣን ብዙ እናቶች ሳይጠይቁ ይቀራሉ።

ከሁሉ የምናዝነው ግን ስድስት ወር ካለፈው እስከ ሁለት ዓመት ስለሚደርሰው ሕፃን ነው። ይህ ልጅ ጾም አልተጣለበትም። ነገር ግን በብዙ ቤት በጾም ቀን ወተትና ዕንቍላል አይቀርብለትም፤ እናቲቱ ስለ ጨከነች ሳይሆን ድስቱና ጭልፋው እንዳይነካካ ስለምትጠነቀቅ ነው። ሕፃኑም በዓመት ውስጥ ብዙ ወራት በሽሮ ውኃና በእንጀራ ፍርፋሪ ያድጋል፤ ሆዱ ትንሽ ስለ ሆነ ከዚህ ምግብ የሚበቃውን ያህል ሊበላ አይችልም፤ በዚህም ቁመቱ ይቀጭጫል። መፍትሔው ትንሽ ነው። ለሕፃኑ የራሱ የሆነ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ ለይቶ በተለየ መደርደሪያ ማኖር ነው። ዕንቍላል ደግሞ ከነቅርፊቱ ስለሚቀቀል የማንንም ድስት አያነካካም። ይህም የማይቻል ሲሆን፣ የተፈጨ ሽምብራ ወይም ምስር ከገንፎው ጋራ አዋሕዶ፣ ጥቂት ዘይት ጨምሮ፣ የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት አልሞ መመገብ ከሽሮ ውኃ እጅግ ይሻላል።

መምህራን ይህን ለማየት ከሐኪም ይልቅ ዕድል አላቸው። የዐይኑ ቆብ ውስጡ የነጣ፣ አፈርና ጠመኔ የሚበላ ተማሪ ብረት የጐደለው ሊሆን ይችላል። ሲመሽ ዕቃ እየነካ የሚደናቀፍ ልጅ ዳፍንት ይዞት ቪታሚን ኤ ጐድሎት ይሆናል፤ ለዚህም ጐመን፣ ካሮትና ዱባ በጥቂት ዘይት ተበስለው ይጠቅማሉ፤ ያለ ቅባት ግን ቪታሚኑ ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። አንገቱ ያበጠ ልጅ ካለ በቤታቸው አዮዲን ያለበት ጨው እንዲገዙ ለወላጆቹ መንገር ነው።

ስለ ድመት

አሁን ወደ ቤት እንስሳት እንምጣ። የነነዌ ንጉሥ እንስሳት ጭምር ምንም እንዳይቀምሱ ማዘዙ በትንቢተ ዮናስ ተጽፎ ይገኛል፤ ነገር ግን ያ የአንድ ከተማ የንስሐ ዐዋጅ ነበር እንጂ የድመት የዘወትር ቀለብ ሥርዓት አይደለም።

ሰው ሥጋን ትቶ ሊኖር የሚችለው ሰውነቱ ብዙ ነገር ራሱ ስለሚሠራ ነው። ድመት ግን አትችልም። እኛ ከካሮት ቀለም ቪታሚን ኤ እንሠራለን፤ ድመት አትሠራም፤ ከእንስሳ አካል የተዘጋጀውን ማግኘት አለባት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምትሠራው ከሚያስፈልጋት እጅግ ያነሰ ነው፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ደግሞ ከቶ የለም ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ታውሪን ያጡ ድመቶች የዐይናቸው መጋረጃ እየተበላሸ እንደሚታወሩ ታወቀ። በ1987 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች የታውሪን ማጣት የድመትን ልብ አላልቶ እንደሚገድላት፣ በጊዜው ታውሪን ሲሰጣት ግን ልቧ እንደሚድን አስታወቁ። የጠፋው ዐይን ግን አይመለስም። አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድም አለ፤ እርሱ ፈጽሞ የሌለበትን አንድ ቀለብ የበላች ድመት በጥቂት ሰዓት ውስጥ በደሟ አሞኒያ በዝቶ ትመረዛለች። እንዲህ ያለ ባሕርይ ያላትን እንስሳ በእንጀራና በሽሮ ለማሳደር መሞከር ላም ሥጋ እንድትበላ እንደ መጠበቅ ያለ ነው።

«ድመታችን እኮ ሁዳዴን ሙሉ እንጀራ በልታ ደኅና ናት» የሚል ሰው አይጠፋም። ደኅና የሆነችው አይጥ ስለያዘች ነው። አይጥ ከነልቧና ከነጕበቷ ለድመት የተሟላ ቀለብ ነች። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተዘግቶባት የምትውል ድመት ግን ይህ አይገኝላትም። በውጭ አገር ከሥጋ ነፃ የሆነ የድመት ቀለብ በፋብሪካ ይሠራል፤ እርሱም የሚያኖራት በሰው እጅ የተሠራ ታውሪንና ሌላውም ሁሉ ተመጥኖ ስለሚጨመርበት ነው፤ በቤት የሚዘጋጅ የጥራጥሬ ቀለብ የዚህ ምትክ አይሆንም።

ስለዚህ ጾመኛ ቤትም ቢሆን ለድመት ሳንባ፣ ልብ፣ ዐሣ ወይም የዶሮ ትርፍራፊ ይገዛላታል። ሥጋው በሚቀቀልበት ጊዜ ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን አብሮ መስጠት ይገባል። ጕበት መልካም ነው፤ በየቀኑ ጕበት ብቻ መስጠት ግን ቪታሚን ኤን አብዝቶ የአንገት አጥንቷን ያጣብቃል። ወተትም ለጐለመሰች ድመት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ያመጣል፤ ንጹሕ ውኃ ይሻላታል።

ስለ ውሻ

የውሻ ነገር ለየት ይላል። ውሻ ከተኵላ ወገን ቢሆንም ከሰው ጋራ በብዙ ሺህ ዓመት አብሮ ሲኖር ሆዱ የሰውን ምግብ ለምዷል። በ2013 በስዊድን አገር የኡፕሳላ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ስታርች የሚፈጭበትን ኤንዛይም የሚያዝዘው ዘር በተኵላ ዘንድ ሁለት ብቻ ሲሆን በውሻ ዘንድ ተባዝቶ ይገኛል። ስለዚህ ውሻ እንጀራና ዳቦ ይፈጫል፤ ታውሪንም ከሌሎች አሚኖ አሲዶች ሊሠራ ይችላል፤ በሚገባ በተመጠነ ከሥጋ ነፃ የሆነ ቀለብም ሊኖር ይችላል። በ2022 ከ2,500 በላይ የሚሆኑ ውሾችን ባለቤቶች በመጠየቅ የተደረገ ጥናት ሥጋ የሌለበት ቀለብ የሚበሉት ጤና ከሌሎቹ አላነሰም ብሏል፤ ይሁን እንጂ መልሱን የሰጡት ባለቤቶቹ ስለ ሆኑ፣ የሚወዱትን እንስሳ ጤና አሳምረው የሚናገሩ ሰዎች ምስክርነት መሆኑን እንዘነጋለን ማለት አይደለም። በአሜሪካም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 አተርና ምስር የበዛበትን ቀለብ በበሉ ውሾች ላይ ስለ ታየው የልብ መላላት ምርመራ እንደ ጀመረ አስታውቋል።

በእኛ ቤት ግን አደጋው ከዚህ ይልቅ ቅርብ ነው። የጾም ወጥ ትርፍራፊ በውሻ ሳሕን ላይ ይደፋል፤ ወጡም ግማሹ ሽንኵርት ነው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኵርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ድመት ከውሻ ይልቅ ቶሎ ትጐዳለች። ውሻው በጥቂት ቀን ውስጥ ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ይጠቍራል፤ ባለቤቱም «መርዝ አብልተውብኝ» ብሎ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ መርዙ ግን ከገዛ ድስቱ የወጣ ነው። ስለዚህ የውሻው ድርሻ ሽንኵርት፣ በርበሬና ጨው ከመግባቱ በፊት ከንፍሮው ይነሣለት።

ለውሻ ሳንባና ጕበት መግዛት በወጪ በኩልም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥሬውን አይሰጥም። በበግና በከብት ሳንባና ጕበት ላይ ብዙ ጊዜ ውኃ የቋጠረ እበጥ ይታያል፤ ይህም የአንድ ደቃቅ ትል ጭንጫሪ ነው። ውሻው እበጡን ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ይራባል፣ ዕንቍላሉም በኵሱ ይወጣል፤ ከዚያም በውሻው ጠጕርና በልጆች እጅ አልፎ ወደ ሰው አፍ ይገባል፤ በሰውም ጕበትና ሳንባ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ በቀር ለማውጣት የሚያስቸግር ውኃ የቋጠረ እበጥ ያበቅላል። ስለዚህ ሳንባው ተቈራርጦ ከፈላ በኋላ ሙሉ 30 ደቂቃ መቀቀል አለበት። እበጥ የበዛበት እንደ ሆነ ከናካቴው ባይሰጥ ይሻላል፤ ውሻ ቈፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ጕድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። ልጆችም ከውሻው ጋራ ከተጫወቱ በኋላ ወደ ማዕድ ሳይቀርቡ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።